«ሒሳቡ ይዘጋና…»

እግዚአብሔርን ክጄ አላውቅም፤ ያደረግሁት ነገር ቀጠሮ መስጠት ነው። ይህን ከሁሉ በፊት የምናገረው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ስለ ነፍስ መዳን የተጻፈ ነገር ሲያገኝ «ይህ ለከሃዲና ለለየለት ኃጢአተኛ ነው» ብሎ አልፎት እንደሚሄድ ከራሴ ስለማውቅ ነው። እኔ አማኝ ነበርሁ። ስሙን እጠራለሁ፣ ስብከት አዳምጣለሁ፣ ገንዘብ ሲጠየቅም ከብዙዎች ቀድሜ እጄን እዘረጋለሁ። ነገር ግን ነፍሴን የሚመለከተውን ጉዳይ ሁሉ ወደሚቀጥለው ዓመት አሻግር ነበር፤ እንዲህ እያልሁም ዐሥራ አንድ ዓመት አሻገርሁት።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። የነጋዴዎችን መዝገብ አደራጃለሁ፣ ገቢና ወጪያቸውን አመሳክራለሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅም ሒሳባቸውን እዘጋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ የመዝጊያው ወቅት ሲደርስ ቀኑና ሌሊቱ ይደባለቃል። በዚህም ምክንያት «ሒሳቡ ይዘጋና» የሚለው አነጋገር በቤታችን የዘወትር ቃል ሆኖ ነበር። ሒሳቡ ይዘጋና እናቴን ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ሒሳቡ ይዘጋና ከልጄ ጋር እጫወታለሁ፤ ሒሳቡ ይዘጋና ንስሐ እገባለሁ። የአንዱ ሲዘጋ ግን የሌላው ይከፈታል። ቢሮዬ ሲሰፋ ደንበኛ ጨመረ፤ ደንበኛው ሲጨምር ሠራተኛ ቀጠርሁ፤ ሠራተኛ ስቀጥር ደግሞ ደመወዙን የምከፍልበት ሌላ ደንበኛ ፍለጋ ወጣሁ። ሩጫው ማለቂያ እንደሌለው ልቤ ያውቀው ነበር፤ ቆሜ ማሰብ ግን አልፈለግሁም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ወደ ታላቁ እራት የተጠሩት ሰዎች ያቀረቡትን ማመካኛ ዛሬ ሳነበው የራሴን ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። አንዱ መሬት ገዝቷል፣ ሄዶ ሊያየው ነው፤ ሁለተኛው አምስት ጥምድ በሬዎች ገዝቷል፣ ሊፈትናቸው ነው፤ ሦስተኛው ሚስት አግብቷል። ከሦስቱም መካከል የተከለከለ ነገር ያደረገ የለም። መሬትም በሬም ትዳርም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፤ ሰዎቹን ከግብዣው ያስቀራቸው ግን ይኸው ስጦታ ነው። እኔንም ያስቀረኝ ስካር ወይም ዝሙት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቶሎ እነቃ ነበር፤ ሰውም ይመክረኝ ነበር። ሥራ የሚያበዛን ሰው ግን ማን ይገሥጸዋል? ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ትጉህ ነው፣ ቤቱን የሚያውቅ ነው» ብሎ ያመሰግነኝ ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሕይወትህን ስትመረምር የተከለከለውን ብቻ አትፈልግ፤ ሰው ሁሉ በሚያመሰግንህ ነገር ውስጥም ፈልግ።

በእነዚያ ዓመታት ሕሊናዬን ዝም ያሰኘሁበት ዘዴ ገንዘብ ነበር። በገዛ እግሬ መሄድ በነበረብኝ ቦታ ሁሉ ገንዘቤን እልክ ነበር። የታመመ ወዳጅ ሲኖር ለሕክምናው አዋጣለሁ እንጂ አልጋው አጠገብ አልቀመጥም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እረዳለሁ እንጂ ቅዳሴ አላስቀድስም። መስጠቴ መልካም ነበር፤ የተቀበሉት ሰዎችም ተጠቅመውበታል። እኔ ግን የሰጠሁት ራሴን ላለመስጠት ነው።

አንድ ጊዜ ሞት በቅርብ አይቶኝ አለፈ። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ በሌሊት ወደ ቀዶ ሕክምና ስገባ፣ በተሽከርካሪው አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ የኮሪደሩን መብራቶች አንድ በአንድ ሲያልፉኝ እያየሁ «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመርሁ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ በማግስቱ ልፈርምበት ቀጠሮ የያዝሁለት ውል ትዝ አለኝና ጸሎቱ እዚያው ላይ ተቋረጠ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁት፤ እንደገና እዚያው ላይ ቆመ። ሐኪሙ ማደንዘዣውን እየሰጠ ቁጥር እንድቆጥር ሲነግረኝ እፎይ አልሁ፤ መቁጠርስ እችልበታለሁ።

በሕይወት ከወጣሁ ሁሉን ነገር አስተካክላለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ዳንሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቁስሌ ገና ሳይጠግግ ቢሮ ገባሁ፤ ስለቴንም ረሳሁት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሰውን የሚለውጥ ይመስለዋል፤ «አንድ ቀን እግዚአብሔር ይመታኝና እመለሳለሁ» የሚሉም አውቃለሁ። የእኔ ተሞክሮ ግን የሚነግረኝ ሌላ ነው። ፍርሃት ንስሐ አይደለም፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ በፍርሃት የተናገርነውም ቃል አብሮ ያልፋል። ስለዚህ መመለስህን ለመዓት ቀን አታስቀምጠው፤ መዓቱ ቢመጣም ሥራውን ላይሠራልህ ይችላል።

እኔን የቀሰቀሰኝ ነገር ሲመጣ ድምፁ አነስተኛ ነበር። ልጄ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ምሽት ከወትሮው ቀደም ብዬ ገባሁና የመኝታ ክፍሏ በር ገርበብ ብሎ ስላየሁ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ቆሜ አዳመጥሁ። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ፣ እናቷ ያስተማረቻትን ጸሎት ከጨረሰች በኋላ የራሷን ጨመረችበት። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ሥራ እንደበዛብህ አውቃለሁ። ሲመችህ ስማኝ። አሜን።»

በዚያው በበሩ አጠገብ ቁጭ አልሁ። ልጅቱ አላዘነችም፣ አላማረረችምም፤ በጣም ትሑት በሆነ ድምፅ ነበር የጸለየችው። አባት ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ ተምራለችና የሰማዩንም አባት እንደ እኔ አድርጋ ሥላዋለች፤ ደግ ነው፣ ይወዳታል፣ ግን ጊዜ የለውም። እኔ የራሴን ነፍስ ብቻ ያዘገየሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የልጄንም እግዚአብሔር ሥራ የበዛበት አድርጌባት ኖሯል። ያን ሌሊት እንደ ልማዴ ኮምፒውተሩን ከፈትሁት፤ አንድ መሥመር ግን መሥራት አልቻልሁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ላይ ያለውን የገዢውን የፊልክስን ታሪክ ሳነብ ያ ቃል እንደገና አገኘኝ። ጳውሎስ በቂሣርያ ታስሮ ሳለ ፊልክስ አስጠርቶት ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ሰማው። ሰውየው ፈራ፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነበር። የሰጠው መልስ ግን አሁን ሂድ፣ ሲመቸኝ ልኬ አስጠራሃለሁ የሚል ነው። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ያስጠራውና ያነጋግረው ነበር፤ ከዚህም ጋር ከጳውሎስ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ ያደርግ እንደነበር መጽሐፉ ይነግረናል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ሞላ፤ ፊልክስም ተነሥቶ ጶርቅዮስ ፊስጦስ በቦታው ተተካ። ከሐዋርያው ጋር ለሁለት ዓመት እየተገናኘ ያልተለወጠ ሰው! እኔም በየቀኑ በመኪናዬ ውስጥ ስብከት እያደመጥሁ ወደ ቢሮዬ እሄድ ነበር። ከቃሉ መራቅ አይደለም የጎዳኝ፤ እየሰማሁ አለመወሰኔ ነው።

«ሲመቸኝ» እያልሁ ኖሬ፣ ልጄ ደግሞ በእኔ ምክንያት እግዚአብሔርን «ሲመችህ» ትለዋለች።

ንስሐ ልግባ ብዬ ከወሰንሁ በኋላ እንኳ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዣለሁ። በአራተኛው ሄድሁ። ከአንድ አረጋዊ ካህን ፊት ተቀምጬ የዐሥራ አንድ ዓመቱን ዘርዝሬ ስጨርስ፣ ከባድ ቀኖና ይጭኑብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ በሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አራት ሰዓት ቢሆን ነው አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ ሙሉ እንቅልፍ እንድተኛ፣ ጠዋት ስነሣ ስልኬን ከመንካቴ በፊት መዝሙር 127ን (በሌላው አቆጣጠር 126ን) ቆሜ እንድጸልይ፣ በሳምንቱም ተመልሼ እንድመጣ አዘዙኝ። አምስት ቁጥር ብቻ ያለው መዝሙር ነው፤ «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ፥ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ» ብሎ ይጀምራል።

ትዕዛዙ አንሶብኝ ተከፋሁ። ይህን ሁሉ ሸክም ይዤ መጥቼ አንድ መዝሙር? ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ሊነጻ መጥቶ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ሲባል ለምን እንደተቆጣ ያን ቀን ገባኝ። ትልቅ ነገር የለመደ ሰው የሚድነውም በትልቅ ነገር ይመስለዋል። ቢሆንም አደረግሁት፤ ያቺ አጭር መዝሙር ከስልኬ መቅደሟ ብቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት ያለ ትግል እንደሆነብኝ የሚያውቅ ያውቃታል። እጄ በራሱ ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። በኋላ መፍትሔ ያገኘሁት ስልኩን ማታ በሌላ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ በመተኛት ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከብዙ ውሳኔዎቼ ሁሉ ይልቅ ይህ መሳቢያ ረድቶኛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመጀመሪያው ኑዛዜ የደበቅሁት ነገር ነበር። አንድ ትልቅ ደንበኛዬ ሁለት ዓይነት መዝገብ ያስይዘኝ ነበር፤ አንዱ ለእርሱ፣ አንዱ ለግብር። እኔም አውቄ እፈርም ነበር። «የሁሉም አሠራር ይህ ነው» በሚል ሰበብ ከኃጢአት ሳይሆን ከሥራ ጭንቀት ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ሁለተኛ ስሄድ ተናገርሁት። አባም «የፈረምኸውን ፊርማ ስግደት አይፍቀውም፤ ሄደህ አስተካክለው» አሉኝ።

ሰውየው ዘንድ ሄጄ፣ የተሳሳተውን መግለጫ አርሞ ቀሪውን ግብር እንዲከፍል፣ ካልሆነ ግን ፊርማዬን እንደማነሣ ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዘመኔን ሙሉ ያልረሳሁትን አንድ ቃል ተናገረ፤ «ምነው፣ ልትሞት ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ሰነዶቹን ሰብስቦ ሄደ፤ በእርሱ በኩል የመጡልኝ ሁለት ደንበኞችም ተከትለውት ሄዱ። ፊርማዬን ማንሣቴን በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ በእኔ በኩል የመጣውንም ቅጣት ከፈልሁ። ከገቢዬ አንድ ሦስተኛው በአንድ ወር ውስጥ ተቀነሰ። ደግሞ ከዓመታት በፊት የትርፍ ሰዓት ክፍያውን አስቀርቼ ያሰናበትሁት አንድ ወጣት ሠራተኛ ነበረኝ፤ አፈላልጌ አገኘሁትና ከፈልሁት። ገንዘቡን ተቀብሎ ቆጠረና «አምስት ዓመት ቆይቷል እኮ» አለኝ። ይቅርታ አድርጎልኝ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

እናንተም ወደዚህ መንገድ ስትመለሱ፣ ጸሎትና ጾም ከመጨመራችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን የሰው ነገር መልሱ። የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የተናገረው ቃል በሙሉ ስለ ገንዘብ ነው፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት ከስሶ የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ። የተሰጠው መልስም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የሚል ነበር። በሉቃስ ወንጌል ውስጥ «ዛሬ» የምትለዋ ቃል መዳን በሚነገርበት ስፍራ ደጋግማ ብቅ ትላለች፤ ለእረኞቹ «ዛሬ መድኃኒት ተወልዶላችኋል»፣ ለዘኬዎስ «ዛሬ»፣ በመስቀል ላይ ለተሰቀለው ወንበዴም «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ»። ስለዚህ ወንበዴ አንድ ነገር ልበል። እኔን የመሰሉ ሰዎች «እርሱስ በመጨረሻዋ ሰዓት አይደለም እንዴ የዳነው?» እያሉ ይጽናኑበታል፤ እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን ወንበዴው ዕድሜውን ሙሉ እያወቀ ቀጠሮ ሲያራዝም እንደኖረ የተጻፈ ነገር የለም። በሌላው በኩል ደግሞ እንደ እርሱ የተሰቀለ፣ ያንኑ ጌታ በዚያው ሰዓት ያየ ሌላ ወንበዴ ነበር፤ ከእርሱ አፍ የተጻፈልን ግን ስድብ ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ነገሩ የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። ከስሕተቶቼ ሁሉ የከፋው ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስለ እርሱም ሰፋ አድርጌ የምጽፈው፣ ከዓለም ሩጫ ለተመለሱ ሰዎች እምብዛም ሲነገር ስለማልሰማ ነው።

ያንን የሥራ ስስቴን ይዤው ወደ መንፈሳዊው ሕይወት ገባሁ። አንድ መዝሙር አልበቃኝም፤ ዐሥር አደረግሁት። ያላዘዙኝን ስግደት ጨመርሁ። ደብተር ገዛሁና በአራት ዓምድ ከፈልሁት፤ መዝሙር፣ ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት። ማታ ማታ እሞላዋለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ እደምረዋለሁ፤ እንደ ሙያዬም ልማድ ከድምሩ ሥር ሁለት መሥመር አሰምርበታለሁ። ካለፈው ወር በልጦ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ሲያንስ እበሳጭና በማግስቱ እጥፍ አድርጌ ለማካካስ እነሣለሁ። ሌሎች ሰዎች ቅዳሴ ሲያረፍዱ በልቤ ስፈርድባቸው እገኝ ጀመር። በቢሮ ያሉት ሠራተኞቼም ከፊቴ ሳቅ ጠፋ ይሉ ነበር አሉ።

ባለቤቴ ብዙ ታገሠችኝ። ልጃችን በትኩሳት የተኛች ሌሊት ግን እኔ ለሌሊት ጸሎት ልወጣ ጫማዬን ሳስር፣ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ተናገረች። «ድሮ ሥራ ነበር የወሰደህ፤ አሁን ደግሞ እግዚአብሔር ወሰደህ። እኛ ግን ያው ብቻችንን ነን።» ሳልመልስላት ወጣሁ። ያን ሌሊት የጸለይሁትን ጸሎትም በደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። ደብተሩ ዛሬም አለ፤ ያቺን ገጽ ስከፍታት አፍራለሁ።

በሳምንቱ ደብተሩን ለአባ አሳየኋቸው፤ እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ ነበር። ገጾቹን በዝግታ ገለጡ። ከድምሩ ሥር ያሉትን ሁለት መሥመሮች በጣታቸው እያመለከቱ «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሒሳቡ መዘጋቱን የሚያሳይ ምልክት ነው አልኋቸው። «እሺ፣ ይህን ደብተር ለማን ልታስረክበው ነው?» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያም በመቅደስ ቆሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙንና ከሚያገኘው ሁሉ ዐሥራት ማውጣቱን ለእግዚአብሔር ስለቈጠረው ፈሪሳዊ ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ ባለቤቴና ስለ ልጄ ጠየቁኝ። የሆነውን ሳልሸሽግ ነገርኋቸው።

ያን ቀን የነገሩኝ ታሪክ የአባ እንጦንስ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው፣ በሦስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ የተወለደው ይህ አባት በሃያ ዓመቱ ገደማ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለውን ወንጌል ሰምቶ የወላጆቹን ርስት መስጠቱን ነው። እምብዛም የማናስታውሰው ግን ወላጆቹ ሲሞቱ ታናሽ እኅት በእጁ ላይ ጥለውለት እንደነበር ነው። ሀብቱን ሲበትን መጀመሪያ ለእርስዋ የሚሆን አስቀርቶ ነበር። «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ የቀረውንም ሰጠ፤ እኅቱን ግን ለታመኑ ደናግል በአደራ አስረክቦ ነው የወጣው። «እንጦንስ እኅቱን ሜዳ ላይ አልጣለም» አሉኝ አባ፤ «አንተ ግን ገና ከቤትህ ሳትወጣ ሚስትህንና ልጅህን ጣልሃቸው።» ቀጥለውም ይኸው አባት በበረሃ ሳለ፣ በከተማ ውስጥ የሚኖር አንድ ሐኪም በመንፈሳዊ ሕይወቱ ከእርሱ ጋር እኩል እንደሆነ በራእይ እንደተገለጠለት ነገሩኝ። ያ ሐኪም ከሚያገኘው የሚተርፈውን ለችግረኞች ይሰጥ፣ በየቀኑም ከመላእክት ጋር «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እያለ ያመሰግን ነበር። ሥራውን ተወ አልተባለለትም።

ደብተሩን እንዳቆም አዘዙኝ፤ ወደ አንዷ መዝሙርም መለሱኝ። ልጄ ስትታመም አጠገቧ ሆኜ በልቤ እንድጸልይ፣ ያንንም ለማንም እንዳልቈጥር ነገሩኝ። መዳንን ማስቀደም ማለት ሌላውን ሁሉ ገፍትሮ መጣል አድርጌ ተረድቼው ነበር። አሁን የምረዳው፣ ሥራውም ትዳሩም ልጁም የሚለካበት ሚዛን መሆኑን ነው። ሚዛኑ ከተስተካከለ ሥራዬን አልተውም፤ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ነበር የሰበከው። ሁለቱን መዝገብ ግን አልይዝም።

ከዚያ ወዲህ ስለያዝኋቸው ልማዶች ልንገራችሁ። ድሮ ለእግዚአብሔር እሰጠው የነበረው ቀሪ ሒሳብ ነበር፤ ሥራው፣ ድካሙ፣ ወሬው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ የተረፈችኝ ደቂቃ ካለች። ሁልጊዜም ምንም አትተርፍም። አሁን የቀኑ መጀመሪያ የእርሱ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም መጀመሪያው ነው። በትንሽ ጀምሩ፤ በታላቅ የጀመራችሁት እንደ እኔ ወይ ይሰብራችኋል ወይ ያስታብያችኋል። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ እጥፍ አድርጋችሁ ልትከፍሉ አትነሡ፤ ዕዳ አይደለምና የዚያን ቀኑን ብቻ አድርጉ።

ከንስሐ አባት ጋር የሚገናኙበትን ቀን አስቀድሞ መወሰንም ትልቅ ነገር ነው። ኃጢአት ስሠራ እሄዳለሁ የሚል ሰው አይሄድም፤ ያፍራል፣ «ትንሽ ልስተካከልና» ይላል፤ ይህም ያው «ሒሳቡ ይዘጋና» ነው፣ ልብስ ቀይሮ መጥቶ። እኔ በየወሩ መጀመሪያ እሄዳለሁ፤ የምናገረው ቢኖረኝም ባይኖረኝም።

አዲስ ሥራ ሲቀርብልኝ ደግሞ ክፍያውን ከመጠየቄ በፊት «ይህን ጊዜ ከማን ላይ ነው የምወስደው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ የሆነ ሰው አለው። አንዳንዴ ተገቢ ሆኖ እቀበለዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳውቅ እተወዋለሁ። እሑድ ቢሮ አልከፍትም። በመጀመሪያው የመዝጊያ ወቅት ይህን ስወስን ሠራተኞቼ የምንከስር መስሏቸው ደነገጡ፤ አንድ ደንበኛ ተቆጥቶ ሄደ፤ የሌሎቹ ሒሳብ ግን በጊዜው ተዘጋ። ስድስት ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው በሰባተኛው ቀን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የሚታረም ስሕተት መሆኑን በመዝገቦቼ ላይ አይቻለሁ።

«አስቀድማችሁ የእግዚአብሔርን መንግሥት ጽድቁንም ፈልጉ፥ ይህም ሁሉ ይጨመርላችኋል» የሚለውን ቃል ይዘው ሀብታቸው እንደተባዛ የሚመሰክሩ አሉ፤ ለእነርሱ እውነት ሊሆን ይችላል። በእኔ ላይ ግን እንዲያ አልሆነም፤ ተስፋ አድርጎ የሚመጣ እንዳይኖርም ብዬ እናገራለሁ። የሄዱት ደንበኞች አልተመለሱም፤ ቢሮዬም ወደ ጠበበ ክፍል ተዛውሯል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ «ይህም ሁሉ» የተባለው ምን እንደሆነ ከፍ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ የሚለበስ ነው። እርሱ አልጎደለብኝም። ከዚያ ያለፈ ቃል ኪዳን በዚያ ስፍራ አላገኘሁም።

ደግሞ ዳንሁ ብዬ የምኩራራበት ነገር እንደሌለኝ እወቁልኝ። ባለፈው የመዝጊያ ወቅት ለአራት ቀናት ስልኬ መሳቢያው ውስጥ አላደረም፤ መዝሙሩንም በመንገድ ላይ በችኰላ ነው ያልሁት። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ስልኩን ከትራሴ አጠገብ አንሥታ ወስዳ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠችው።

ልጄ አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ማታ ማታ አብረን እንጸልያለን፤ እርስዋ ስትጨርስ የራሷን ትጨምራለች፣ እኔም አዳምጣለሁ። በቅርቡ ድንገት ትዝ ብሎኝ፣ በልጅነትሽ እግዚአብሔርን «ሥራ እንደበዛብህ አውቃለሁ» ትዪው ነበር አልኋት። ግንባሯን ቋጠረችና «እኔ? እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ደግሞ ምን ሥራ ይበዛበታል?» አለችኝ። መቼ እንደተወችው ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም።